ባረቀ የሚባለው ጠመንጃና የቤት ልጆች

በቋንቋችን አንድ ጠመንጃ ባለቤቱ ሳያስበው ሲተኩስ «ባረቀ» ይባላል። ቃሉ የመብረቅ ዘመድ ነው። መብረቅ ከሰማይ ሲወርድ ጥፋተኛ ተብሎ የሚያዝ ሰው እንደሌለ ሁሉ፥ ጠመንጃም ሲባርቅ ሰሚው ራሱን ነቅንቆና አዝኖ ዝም ይላል። ለቅሶ ቤት የተቀመጡት ሰዎች «ጠመንጃ ባርቆበት ሞተ» ይላሉ እንጂ፥ ጥይቱን ማን አጎረሰው፥ ከማገሩ ላይስ ማን ሰቀለው ብለው አይጠይቁም። የእስፓንያ ሰዎች ደግሞ ጠመንጃን የሚያጎርሰው ሰይጣን ነው የሚል አነጋገር አላቸው። እኛ በመብረቅ አሳበብን፥ እነርሱ በሰይጣን አሳበቡ። ጥይት ግን በሰው እጅ ካልገባ በቀር በጠመንጃ ውስጥ ተገኝቶ አያውቅም።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ከዚህ በታች የሚነገርህ ጠመንጃ በአንድ ጣራ ሥር ከልጆች ጋር መኖር ከጀመረ ወዲህ የሆነው ታሪክ ነው። ታሪኩን ማወቅ የሚያስፈልገው ለጨዋታ አይደለም። አባቶቻችን ጠመንጃን በቤት የማኖር ልማድ ያወጡት በአንድ ዓይነት ጠመንጃ ነበር፤ ኋላ ጠመንጃው ፈጽሞ ተለወጠ፤ ልማዱ ግን እንደ ነበረ ቀረ። ነገሩ ሁሉ የሚያያዘው እዚህ ላይ ነው። የአገራችንን ነገር በእኛ አቈጣጠር፥ የውጭውን ግን በፈረንጆች አቈጣጠር እጽፈዋለሁ።

ጠመንጃ ወደ አገራችን ገብቶ የጦርነትን መልክ የለወጠው በኢማም አሕመድ ዘመን ነው። ኢማሙ ከቱርኮች ነፍጥና ነፍጠኛ ያገኝ ነበር፤ በ1533 ዓ.ም. ደግሞ በክሪስቶፎር ዳ ጋማ የሚመሩ 400 ያህል የፖርቱጋል ወታደሮች ነፍጣቸውን ይዘው ከምጽዋ ወደ ደጋው ወጡ። የዚያ ዘመን ነፍጥ የሚተኮሰው በክር እሳት ነበር። ተኳሹ ባሩዱን ሰፍሮ በአፈሙዙ ያፈሳል፥ አረሩን ይጨምራል፥ በዘንግ ይጠቀጥቃል፥ ከጐኑ ባለው ትንሽ ጽዋ ላይ የደቀቀ ባሩድ ይነሰንሳል፥ ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ የሚነደውን ክር እፍ ብሎ አፍሞ ወደ ጽዋው ያወርደዋል። ክሩ ከጠፋ ነፍጡ ዱላ ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቈይቶ በጐንደር ዘመነ መንግሥት ማብቂያ ራስ ሚካኤል ስሑል ንጉሥ አንግሦ ንጉሥ ያወረደበት የትግሬ ነፍጠኛ ጦር የያዘው እንኳ ይህንኑ የክር ነፍጥ ነበር።

እንግዲህ አስበው። የአምስት ዓመት ልጅ እንዲህ ያለውን ነፍጥ ከግድግዳ ላይ ቢያወርድ ምን ያደርገዋል? ባሩድ መስፈር አያውቅም፥ ዘንጉን መግፋት አይችልም፥ ክሩን የሚያቀጣጥልበትን እሳትም ከምድጃ ማምጣት አለበት። (ባሩዱ ለብቻው አደጋ አልነበረውም ማለቴ አይደለም፤ በምድጃ አጠገብ የተረሳ የባሩድ ቀንድ ቤት ያቃጥላል።) ነፍጡ ግን በራሱ አዝጋሚነት የተቈለፈ ነበረ። ስለዚህ አባት ነፍጡን እንግዳ በሚያየው ቦታ፥ ከጋሻውና ከጦሩ ጋር፥ ከፍ አድርጎ ቢሰቅለው ያስመሰግነው ነበር እንጂ አያስነቅፈውም።

ቀጥሎ ክሩን የተካው በባልጩት ድንጋይ ብልጭታ የሚተኮስ ጠመንጃ ነው፤ ይህ ተጐርሶ ሊሰቀል ስለሚችል ለቤት ልጆች አደጋው የበለጠ ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ እንግዳ ነገር ሆነ። በስኮትላንድ አገር አሌክሳንደር ፎርሳይት የሚባል የገጠር ቄስ ወፍ ማደን ይወድ ነበር። ወፎቹ የድንጋዩን ብልጭታ አይተው አረሩ ሳይደርስባቸው እየበረሩ ስላስቸገሩት፥ በእሳት ሳይሆን በመመታት ብቻ የሚፈነዳ ቅመም ለጠመንጃ የሚሆንበትን ዘዴ አገኘና በ1807 ዓ.ም. የባለቤትነት መብት አወጣበት። ዛሬ በዓለም ላይ ያለ ጥይት ሁሉ ቂጡ ላይ የያዘው ቅመም የዚህ የቄሱ ሐሳብ ልጅ ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡት ብልሃተኞች ደግሞ ባሩዱን፥ አረሩንና የሚፈነዳውን ቅመም አንድ ላይ በናስ ቀልሃ ውስጥ ዘጉት። ቀድሞ በአምስት ስፍራ የነበረው ሥራ በአንድ ጣት ሥራ አለቀ።

ይህን ለውጥ የኢትዮጵያ ሰው በመጀመሪያ ያየው በመራራ ቀን ነው። በ1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ የዐፄ ቴዎድሮስ ወታደሮች በአፈሙዝ የሚጐርስ ጠመንጃ ይዘው ሲወርዱ፥ እንግሊዞች በኋላው የሚጐርሰውን ሰናድር ይዘው ጠበቁአቸው። አንዱ አንዴ ተኩሶ ዳግመኛ እስኪያጎርስ ሌላው ደጋግሞ ይተኩሳል። ከስምንት ዓመት በኋላ በጉንደትና በጉራዕ፥ በ1868 ዓ.ም.፥ የዐፄ ዮሐንስ ጦር ግብጾችን ድል ባደረገ ጊዜ ሬሚንግቶን የሚባለው አዲስ ጠመንጃ በብዛት ተማረከ። ፈረንሣዊው ባለ ቅኔ አርቱር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ለንጉሥ ምኒልክ ያመጣው ጠመንጃ ግን የአውሮጳ ጦር የጣለው አሮጌ ዓይነት ነበር፤ ነጋዴ ሁልጊዜ ያው ነጋዴ ነው። ቢሆንም በታጁራና በጅቡቲ በኩል የገባው እየበዛ ሄደ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የተዋጋው ሕዝብ ከጦርና ከጐራዴው ጋር የያዘው ጠመንጃ የአውሮጳን ጦር ለመመለስ በቃ። ከኢጣልያኖችም ብዙ ሺህ ጠመንጃ ተማረከ።

ዘማቹ ወደ አገሩ ሲመለስ ጠመንጃውን ይዞ ተመለሰ። ሰናድር፥ ውጅግራ፥ ምንሽር፥ ኋላም ቤልጅግ እያለ ስሙን እንደ ፈረስ ስም ይጠራው ጀመር። በሠርግ ይተኰሳል፥ በለቅሶ ይተኰሳል፥ በፉከራና በቀረርቶ ይወደሳል። በአምስቱ ዓመት የጠላት ወረራ ጊዜም አርበኛው በዱር የኖረው በዚያው ጠመንጃ ነው። ይህን ክብር የሚያቃልል ሰው አገሩ እንዴት እንደ ቈየች አያውቅም። ዳሩ ግን ክብሩና አሰቃቀሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አባት አዲሱን ጠመንጃ የሰቀለው የአያቱ የክር ነፍጥ በተሰቀለበት ማገር ላይ ነው፤ ለዚያውም አጎርሶ። የአያቱ ነፍጥ አምስት ሥራ ይፈልግ ነበር፤ ይህኛው ግን ከሥሩ በርጩማ የሚያስጠጋ ልጅ ብቻ ይፈልጋል።

የቤታችንን ሥርዓት ተመልከት። የቤቱ እመቤት ማሩን፥ ቅቤውን፥ የብር ጌጧንና የክት ልብሷን በሣጥን ቈልፋ ቁልፉን ከመቀነቷ ላይ ትቋጥራለች። ልጆች ማሩን እንዳይልሱት ነው። ማር የላሰ ልጅ ቢበዛ ሆዱን ያመዋል። በዚያው ቤት በዚያው ቀን የጐረሰ ምንሽር ያለ ቁልፍ ተሰቅሎ ይውላል።

ከ1966 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ክላሽንኮቭ በአገራችን በዛ። ይህ መሣሪያ በ1947 በሶቪየት ኅብረት የተሠራ ሲሆን፥ ጥይቱን የሚያቀርብለት ካዝና አለው። ስለ ካዝና አንድ ነገር ሳትረሳ ያዝ፤ ብዙ ቤት ያፈረሰ ስሕተት ያለው በዚህ ነው። ካዝናው ስለ ወጣ ጠመንጃው ባዶ ነው ማለት አይደለም። አስቀድሞ ከካዝናው ወጥታ ወደ በርሜሉ ሥር የገባች አንዲት ጥይት እዚያው ተቀምጣ ትቀራለች፤ በሽጉጥም እንዲሁ ነው። ካዝናውን በእጁ ይዞ «ባዶ ነው» እያለ ምላጩን የሳበ ሰው በዓለም ሁሉ አለ። ዓይን የማያየውን በሁለት ዓይነት መንገድ መመርመር ያስፈልጋል፤ መቀርቀሪያውን ወደ ኋላ ስቦ ማየት፥ ደግሞም በጣት መዳበስ።

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር፤ የቤት ጠመንጃ ከሁሉ ይልቅ የበዛበት አገር እርሱ ስለ ሆነ፥ ልጅንና ጠመንጃን መርምሮ የጻፈም እርሱ ነው። በማሳቹሴትስ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ ያለው የስሚዝና ዌሰን ፋብሪካ በ1887 ገደማ አንድ ሽጉጥ አወጣ። በእጀታው ጀርባ ላይ መጫኛ ነበረው፤ ምላጩን የሚስበው ሰው በዚያው ጊዜ እጀታውን በመዳፉ ጨምቆ ካልያዘ አይተኩስም። ትንሽ እጅ ይህን ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ሊያደርግ አይችልም ተብሎ ለወላጆች ተሸጠ። ዳንኤል ዌሰን አንድ ልጅ በሽጉጥ መጐዳቱን ሰምቶ ነው ያሠራው እየተባለ ይወራል፤ ወሬው እውነት ቢሆንም ባይሆንም፥ ቍም ነገሩ በዚያ ዘመን እንኳ ሽጉጥ ሻጩ ራሱ የልጅን እጅ አስቦ መሥራቱ ነው።

የልጅ ጣት ግን ከሚታሰበው ይበረታል። በ1995 በሺካጎ የታተመ ምርመራ ልጆች በሁለት ሌባ ጣቶቻቸው ምን ያህል መሳብ እንደሚችሉ ለካ። አራት ኪሎ ተኩል ያህል ኀይል መሳብ የቻሉት ከሦስትና ከአራት ዓመት ልጆች ከመቶው 25፥ ከአምስትና ከስድስት ዓመት ልጆች ከመቶው 70፥ ከሰባትና ከስምንት ዓመት ልጆች ከመቶው 90 ነበሩ። ይህ ኀይል የብዙ ሽጉጥን ምላጭ ለመሳብ ይበቃል። «ሕፃን ነው፥ አይችለውም» የሚል ሰው ይህን ቍጥር ይመልከት።

ሌላው ደግሞ «ልጄን አስተምሬዋለሁ፥ አይነካም» ይላል። በ2001 የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች መጽሔት ያተመው ምርመራ በአትላንታ ከተማ የተደረገ ነው። ከስምንት እስከ ዐሥራ ሁለት ዓመት የሆናቸውን 64 ወንዶች ልጆች በ29 ቡድን ከፍለው፥ ወላጆቻቸው እያወቁ፥ በአንድ ክፍል ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ተዉአቸው። በመሳቢያ ውስጥ እውነተኛ ሽጉጥ፥ ነገር ግን ሊተኩስ የማይችል፥ ተደብቋል፤ መርማሪዎቹም በመስተዋት ማዶ ሆነው ያያሉ። ከ29 ቡድን 21ዱ ሽጉጡን አገኙት። ከነዚህ በ16ቱ ልጆቹ አንሥተው ያዙት። በ10ሩ ደግሞ ምላጩ ተሳበ። ሽጉጡን ካገኙት ልጆች ግማሽ ያህሉ አሻንጉሊት ነው ብለው አስበዋል ወይም መለየት አልቻሉም። ከሁሉ የሚያስደነግጠው ግን ይህ ነው፤ ሽጉጡን ከያዙት ወይም ምላጩን ከሳቡት ልጆች ከመቶው ከ90 በላይ የሆኑት ስለ ጠመንጃ ጥንቃቄ አስቀድሞ ምክር የተሰጣቸው ነበሩ። ወላጆቻቸው «የእኔ ልጅ ለጠመንጃ ግድ የለውም» ያሉላቸውም ከሌሎቹ አላነሱም።

ምክር አይጠቅምም አልልም፤ ይህ መጽሐፍ ራሱ ምክር ነው። ነገር ግን የልጅ ጠባይ መመርመር ነው፤ ተደብቆ የነበረን ነገር ሲያገኝ ምክሩ ከእጁ በኋላ ይደርሳል። ተራራ የወጣ ልጅ ድንጋይ ሳያንከባልል አይወርድም። በእኛም አገር ልጆች ባዶ ቀልሃ ለቅመው ያፏጩበታል፤ ከባዶው መካከል ያልተተኮሰች አንዲት ብትገኝ ልጁ የሚያያት እንደ ፉጨት መሣሪያ ነው።

ሦስተኛው አባት ደግሞ «የደበቅሁበትን ማንም አያውቅም» ይላል። በአላባማ ገጠር ጠመንጃ ያለባቸውን ቤቶች የመረመሩ ሐኪሞች በ2006 እንዳሳተሙት፥ ልጆቼ ጠመንጃው ያለበትን አያውቁም ካሉት ወላጆች ከመቶው 39ኙን፥ ልጄ ጠመንጃ ነክቶ አያውቅም ካሉት ደግሞ ከመቶው 22ቱን የገዛ ልጆቻቸው ቃል አስተባበላቸው። መደበቅ መቈለፍ አይደለም። ልጅ ቤቱን ከባለቤቱ ይልቅ ያውቀዋል፤ ከአልጋ ሥር የሚገባው እርሱ ነው፥ በቆጥ ላይ የሚወጣውም እርሱ ነው።

እንዲህ ያለ ሐዘን በተደጋገመ ጊዜ የፍሎሪዳ ግዛት በ1989 ሕግ አወጣ። ልጅ ሊያገኘው በሚችል ስፍራ የጐረሰ ጠመንጃ የተወ አዋቂ፥ ልጁ አግኝቶት ሰው ቢጐዳበት፥ በወንጀል እንዲጠየቅ አደረገ። በአሜሪካ ከዚህ ዓይነቱ ሕግ የመጀመሪያው ይህ ነው፤ ሌሎችም ግዛቶች ተከተሉት። በእኔ አስተያየት የዚህ ሕግ ትልቁ ሥራ ሰው ማሰሩ ሳይሆን «ባረቀ» የሚለውን ምክንያት ከፍርድ ቤት ማስወጣቱ ነው። ይሁን እንጂ አገሩ ሰፊ፥ ጠመንጃውም ብዙ ነውና መከራው አልቆመም፤ በ2020 ዓመታቸው ከአንድ እስከ 19 የሆኑ ልጆችንና ወጣቶችን ከበሽታና ከመኪና አደጋ ሁሉ ይልቅ የገደለው ጠመንጃ ሆነ። ከዚህ የሚበዛው ግድያና ራስን ማጥፋት ነው፤ የባረቀው ከሁሉ ያነሰው ክፍል ነው።

ራስን ማጥፋት ያልሁት ሊነገር የሚያሳፍር ስለሚመስል ብዙ ሰው ያልፈዋል፤ ማለፍ ግን አይገባም። አንድ ወጣት በፈተና ወድቆ ወይም በፍቅር ተጐድቶ ዓለም የጨለመበት ሌሊት ብዙ ጊዜ ያልፋል። ሌሊቱ የሚያልፈው ግን ወጣቱ እስኪነጋ በሕይወት ከቈየ ነው። የእስራኤል ጦር በ2006 ወታደሮች ለሰንበት ዕረፍት ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ጠመንጃቸውን በሰፈሩ እንዲተዉ አዘዘ። በ2010 የታተመው ምርመራ እንዳሳየው፥ ራሳቸውን የሚያጠፉት ወጣት ወታደሮች ቍጥር በዓመት ከመቶው 40 ያህል ቀነሰ፤ የቀነሰውም በተለይ በሰንበት ቀኖች ነው። ጠመንጃው በራቀ ጊዜ አብዛኞቹ ወደ ሌላ መንገድ አልሄዱም፤ ቈዩ እንጂ። ጭንቀት የያዘህ አንባቢ ብትኖር ዛሬውኑ ለምታምነው ሰው ንገር፤ ወንድምህ እንዲህ ሆኖ ያየኸው እንደ ሆነም የቤቱን ቁልፍ ከእርሱ አርቅ።

ስዊስ ደግሞ ሌላ ትምህርት አላት። በዚያ አገር የሚሊሺያ ወታደር ጠመንጃውን በቤቱ ማኖር የቈየ ልማድ ነው፤ ለጦርነት ጊዜ የሚሆን ጥይትም በታሸገ ቆርቆሮ ይሰጠው ነበር። በ2007 መንግሥት ጥይቱን ከየቤቱ ይሰበስብ ጀመር። በ2011 ጠመንጃው ራሱ ወደ ጦር ግምጃ ቤት ይግባ የሚል ሐሳብ ለሕዝብ ድምፅ ቢቀርብ፥ ከመቶው 56 ያህሉ እምቢ አለ። ጠመንጃው በቤት ቀረ፤ ጥይቱ ግን ወጣ። ክብሩን ለያይቶ አደጋውን መቀነስ እንዴት እንደሚቻል ይህ ሕዝብ አሳይቷል።

በእኛ አገር ጠመንጃ ለመያዝ ፈቃድ እንዲያስፈልግ አዋጅ ቍጥር 1177/2012 ደንግጓል። ፈቃዱ ግን ማገሩን አይጠብቅም።

«ሌሊት ሌባ ወይም ሽፍታ ቢመጣ እስክቈልፍና እስክከፍት ያልቃል» የሚለው መልስ ቀላል መልስ አይደለም፤ በሩቅ ገጠር የሚኖር ሰው ፍርሃቱ እውነት ነው። ነገር ግን ቀኑን ከሌሊቱ ለይ። ሌባ የሚፈራው በሌሊት ነው፥ ያን ጊዜ ባለቤቱ ከጠመንጃው አጠገብ ተኝቷል፥ ቁልፉም በአንገቱ ሊሆን ይችላል። ልጆች ቤቱን ብቻቸውን የሚይዙት ግን በቀን ነው፤ አባት እርሻ ላይ፥ እናት ወንዝ ወይም ገበያ ሲሆኑ። ለሌሊቱ ፍርሃት ተብሎ የቀኑ በር ክፍት ሊሆን አይገባም። በ2005 በአሜሪካ የታተመ ምርመራም ጠመንጃውን መቈለፍ፥ ጥይቱን ማውጣት፥ ጥይቱን መቈለፍና ሁለቱን በተለያየ ስፍራ ማኖር እያንዳንዱ ለብቻው በቤቱ ልጆች ላይ የሚደርሰውን ጕዳት ከመቀነስ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳየ። ገንዘብ የሌለው ሰው ከአራቱ አንዱን ቢጀምር ይጠቀማል ማለት ነው።

የብረት ሣጥን ለመግዛት የማይችል ቤት የቤልጅግና የምንሽር ዘመን ጠመንጃ ካለው፥ አንድ ነገር ያውቅ ዘንድ ያስፈልጋል። በእነዚህ ጠመንጃዎች በእጅ እየተሳበ ጥይት የሚያስገባው የብረት መቀርቀሪያ ያለ ብዙ ድካም ተነቅሎ ይወጣል። ርዝመቱ ከአንድ ስንዝር አይበልጥም፤ ከማሩና ከብር ጌጡ ጋር በዚያው ሣጥን ይገባል፥ ቁልፉም በዚያው መቀነት ላይ ይቋጠራል። ጥይቱን የያዘው ዝናር በሌላ ስፍራ ይቈለፋል። ጠመንጃው እንግዳ በሚያየው ማገር ላይ እንደ ጥንቱ ይሰቀል፤ ያለ መቀርቀሪያው ክሩ እንደ ጠፋ ነፍጥ ነው። ክላሽንኮቭንና ሽጉጥን ግን እንዲህ ማድረግ ለብዙ ሰው አይመችምና፥ በርሜሉ ሥር ታይቶና ተዳብሶ ባዶነቱ ከታወቀ በኋላ መሣሪያው ራሱ ወደ ሣጥን ይገባል፥ ካዝናውም ለብቻው።